የግጭ መንደር ፎቶግራፎቼና አንድ ሃርድ ዲስክ

ተፈጥሮን ፎቶግራፍ ማንሳት የሚወድ፣ እንጀራው ግን በሌላ ሥራ ላይ የሆነ ሰው ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ደረሰኝና መዝገብ ሳመሳክር ከርሜ፣ የዓመት ፈቃዴ ሲደርስ ካሜራዬን አንግቼ ወደ ተራራ እወጣለሁ። ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚደረግበት፣ ከዓመታት በኋላ ሲፈለግ ምን ሆኖ እንደሚገኝ የሚነግረኝ ግን በጊዜው አላገኘሁም። እኔ የተጎዳሁት ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ሰው በገዛሁት ያገለገለ ባለ 24 ሜጋፒክስል ኒኮን ነው። መለማመጃዬ እንጦጦ ነበር። መስከረም ሲጠባ ጋራው አደይ አበባ ይለብሳል፤ እኔም ስወጣ ስወርድ አነሳዋለሁ። ፎቶዎቹ ሁሉ ግን አንድ ችግር ነበረባቸው፦ አበባው ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ቅርጽ የለውም። በአበባው ቅጠል ላይ ያሉት ስስ መስመሮችና እጥፋቶች ጠፍተዋል። ጥፋቱን በሌንሱ ላይ እያላከክኩ ቆየሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ካሜራ ቀለምን ሁሉ የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ማለት ለእሱ ቀይና አረንጓዴ ተደምረው ማለት ነው። ጠቅላላው ብርሃን ልክ ሆኖ ሳለ የቀዩ ድርሻ ብቻውን ከልኩ ያልፋል፤ አልፎ የጠፋውን ዝርዝር ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም። ካሜራችሁ የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየውን ሂስቶግራም በሦስቱም ቀለማት ለይቶ የሚያወጣ ከሆነ እሱን ተመልከቱ። ቀዩ ከቀኙ ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሳችሁ ድገሙት። በጭላዳ ዝንጀሮ ደረት ላይ ላለው ቀይ ቆዳም፣ ጀምበር ስትጠልቅ ለሚቀላው ሰማይም ይኸው ይሠራል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የፋይል ዓይነት ነው። በሠርግ ፎቶ የሚተዳደር አንድ ወዳጄ ሥራዬን አይቶ፣ «ጄፔግ እያነሳህ ስሜን ድረስ አትድከም፤ ሮው አድርገው» አለኝ። ሮው ማለት ካሜራው የመዘገበው ብርሃን ካሜራው ራሱ ሳያስተካክለው የተቀመጠበት ፋይል ነው። ጄፔግ፣ ማለትም ካሜራው አስተካክሎና ጨምቆ የሚያወጣው የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች አሉት፤ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 አለው። ልዩነቱ ፎቶው እንደተነሳ አይታይም። የሚታየው ጥላ የዋጠውን ገደል ኮምፒውተር ላይ ለማብራት ስትሞክሩ ነው፤ ጄፔጉ ውስጥ የምታገኙት የተቆራረጠ ግራጫ ነው፣ ሮው ውስጥ ግን ድንጋዩና ሣሩ ተለይተው ይወጣሉ። ለእኔ ነገሩ የገባኝ በሙያዬ በኩል ነው፦ ሮው ደረሰኙ ነው፣ ጄፔግ ከደረሰኙ የተሠራው ሪፖርት። ሪፖርት ቢጠፋ ከደረሰኙ እንደገና ይሠራል። ይህን እያወቅኩ ደረሰኞቼን የት እንዳስቀመጥኳቸው እመጣበታለሁ።

በጥቅምት 2007 ስሜን ተራሮች ሄድኩ። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደባርቅ ይገኛል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ክፍያ ተፈጽሞ፣ ስካውት የሚባል መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ተመድቦ ወደ ሳንቃ በር ካምፕ ይወጣል። ወሩን የመረጥኩት በምክር ነበር፤ ምክሩም ልክ ነበር። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ሄዷል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ የጅንባር ፏፏቴም ውኃ አለው። ከየካቲት ወዲያ የሄደ ሰው ግን በአቧራና በጭስ የደበዘዘ አድማስ ነው የሚጠብቀው።

ያን ጊዜ ግጭ የሚባለው መንደር በቦታው ነበር። ጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ከሞላበት ሜዳ ዳር የሣር ክዳን ጎጆዎች፣ የገብስ ማሳ፣ በግና ፈረስ። የተመደቡልኝ ስካውት የዚያው መንደር ተወላጅ ነበሩ። ቤታቸው ወስደውኝ ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። ከደጃፋቸው ሆኜ መንደሩን በጠዋት ጭሱ፣ በማታ ከብቱ ሲገባ አነሳሁት። ሰዎቹም ፈቃድ ስጠይቃቸው እየሳቁ ይቆሙልኝ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በፈረንጆቹ 1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የገባው ፓርክም በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። ለዋልያውና ለሣሩ መልካም ዜና ነበር። የእኔ ፎቶዎች ግን በመካከሉ ሌላ ነገር ሆነው ነበር፤ ለመዝናኛ የተነሱ ሥዕሎች የሌለ መንደር ሰነድ ሆኑ። ይህን ለማስተዋል ጊዜ ፈጀብኝ፤ ልቤ ያኔ ኤዲት ላይ ነበር።

እንዴት ያለ ኤዲት! ከሰው በተቀዳ ፕሮግራም ቀለሙን አጎላለሁ፣ ሰማዩን አጠቁራለሁ፣ ጥላ የተባለውን ሁሉ አበራለሁ። ገደሉ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ሲወጣ «ጥራት» ነው እል ነበር። የክረምቱ አረንጓዴ ፕላስቲክ ሆነ። የጭላዳው ደረት የትራፊክ መብራት አከለ። ሰውም ይወድልኝ ነበር። «ይህ እውነት አገራችን ነው?» የሚል አስተያየት ሲመጣ ምስጋና አድርጌ እወስደው ነበር። አሁን ሳስበው ሰውዬው የምሩን ነበር የጠየቀው።

ፋይሎቹ ሁሉ የተቀመጡት አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ የራሱ ኤሌክትሪክ ገመድ ኖሮት ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዓይነት። ሚሞሪ ካርዶቹን እያጠፋሁ እደጋግማቸዋለሁ፤ ላፕቶፑ ጠባብ ነው፤ ሁለተኛ ዲስክ መግዛት ደግሞ ከደሞዝ ወደ ደሞዝ ሲተላለፍ ይኖራል። በ2010 ክረምት አንድ ምሽት ፋይል ስገለብጥ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ዲስኩ ግን በቅጽበት ቆመ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ሲሰካ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንብባችሁ በተቃራኒው አድርጉ። ነቅዬ ሰካሁት፤ ገመድ ቀየርኩ፤ «ይሞቅና ይነሳ ይሆናል» ብዬ ሌሊቱን ሙሉ እንደበራ ተውኩት። በማግሥቱ የወሰድኩበት የጥገና ቤት ሠራተኛ ደግሞ ክዳኑን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ መረጃውን የሚያነበው ክንድ ተበላሽቷል ማለት ነው። በበራ ቁጥር ክንዱ መረጃው ያለበትን ዝርግ ሳህን ሊፍቀው ይችላል፤ ሳህኑ ከተፋቀ ደግሞ የሚነበብ ነገር አይቀርም። የዲስክ ውስጥ ለአቧራ የማይከፈት ነው፤ ተራ ክፍል ውስጥ መፍታት መጨረስ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው ንቀሉት፣ ሁለተኛ አትሰኩት፣ ፋይል መልሶ የሚያመጣ ፕሮግራምም አትሞክሩበት። ከአቧራ በተጠበቀ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ እስክታገኙ፣ ገንዘቡም እስኪሞላላችሁ፣ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት። ያልተነካካ ዲስክ ቆይቶም ተስፋ አለው፤ የእኔው አልነበረውም።

ፎቶ የጠፋባችሁ ሚሞሪ ካርድ በስሕተት በማጽዳት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ካርድ አንድም ተጨማሪ ፎቶ አታንሱ። ከካሜራው አውጥታችሁ ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ አስፈልጉት፤ ያገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ እንጂ ወደዚያው ካርድ አትመልሱ። የፋይሎቹ ስም ይጠፋል፣ ፎቶዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። የአንዲት የሥራ ባልደረባዬን ልጅ የክርስትና ፎቶዎች ያወጣሁት እንዲህ ነው፤ ለራሴ ያልሆንኩትን ለሰው ሆንኩ።

ከግጭ የቀረኝ በስልክ ለሰው የላክኳቸው ነበሩ። የመልእክት መላላኪያዎች ፎቶን ሲያስተላልፉ ያሳንሱታል፤ የእኔዎቹ ረጅም ጎናቸው 1280 ፒክስል ሆኖ ተገኘ። በተለመደው የፎቶ ኅትመት ልክ፣ ማለትም በ300 ነጥብ በኢንች፣ 11 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ዋናው ፋይል 6000 በ4000 ስለነበር ግማሽ ሜትር ስፋት ይታተም ነበር። የመጠኑን ነገር እሺ ብዬ ልለፈው። የከፋው እነዚያ የተረፉት ሁሉ የዚያ ዘመን ቀለሜ የተጫነባቸው መሆናቸው ነው። ሰማያቸው ሐምራዊ ነው፣ የገደሉ ጠርዝ ነጭ ክር አለው። ዓይኔ በዓመታቱ ተለውጦ ስለነበር ላያቸው አልቻልኩም፤ ላስተካክላቸውም አልቻልኩም። ጄፔግ ውስጥ የነደደ ቀለም ቢቀነስለት ይደበዝዛል እንጂ ወደ ነበረበት አይመለስም። አንድ ኤዲት በጊዜው ያማረ ይመስላል፣ ቆይቶ ያሳፍራል፤ ሮው ፋይል ያለው ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላም ተመልሶ በአዲስ ዓይን ይሠራዋል። ለእኔ ያ መንገድ ተዘጋ።

በጥቅምት 2011 ተመልሼ ደባርቅ ሄድኩ። እኚያን ስካውት ጠይቄ አገኘኋቸው። ከሰላምታው ገና ሳንወጣ፣ «የሠፈራችንን ፎቶ ይዘህልኝ መጣህ?» አሉኝ። ከተረፉት አንዱን በትንሹ አሳትሜ ይዤ ነበርና ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቤቱስ የእኛ ነው። ይቺ የወንድሜ ናት፤ ያ በረቱ። ግን ክዳናችን እንዲህ ወርቅ አይመስልም ነበር፤ ጭስ የበላው ሣር እኮ ነው።» ከዚያ እኔን ላለማስከፋት ይመስለኛል፣ «ቢሆንም ያምራል፣ ልጄ» ብለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ስለ ፎቶዎቼ ብዙ ተብሎልኛል፤ እንደዚህ የገባኝ የለም። አሁን ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ እዚያ የሚኖር ሰው ቢያየው ቤቱን ያውቀዋል ወይ? ብርሃን ጨምሬ፣ አቧራ ቀንሼ፣ አድማስ አቃንቼ ሊሆን ይችላል። ጭስ የበላውን ሣር ግን ወርቅ አላደርገውም።

በዚያ ጉዞ ሥራዬን ከሥሩ ቀየርኩ። መጀመሪያ የብርሃኑን ሰዓት። ከአውሮፓ ሰዎች የምንማራቸው የፎቶ ትምህርቶች የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን እንደልብ የሚቆይ አስመስለው ያስተምራሉ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ፀሐይ ወደ ጎን ሳታዘግም ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትወርዳለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያለው ብርሃን 2 ሰዓት ላይ የለም፤ ሸለቆው በደረቅ ነጭና በጥቁር ተከፍሎ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ቦታችሁን ከዋዜማው ምሽት ምረጡ፤ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ከፊት ለፊት የትኛው ጅብራ እንደሚገባ ወስናችሁ እደሩ። 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እመት ጎጎ ላይ ፀሐይ ስትወጣ መገኘት የሚፈልግ ከግጭ ካምፕ በጨለማ መነሳት አለበት፤ ይህንንም ከስካውቱ ጋር ማታውኑ መስማማት ነው እንጂ በሌሊት ሰው አይቀሰቀስም። ከፍታው ይከብዳል፤ እንደደረሳችሁ በዚያው ቀን ለመሮጥ አትሞክሩ።

ጭላዳዎቹን በተመለከተ ትምህርቱ አጭር ነበር። እኔ እየተጠጋሁ እነሱ እየራቁ ቆይተን፣ ስካውቱ «አትከተላቸው። ተቀመጥ፤ ሣሩን እየበሉ ራሳቸው ይመጣሉ» አሉኝ። ጭላዳ በገደል ያድራል፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። ከሜዳው ዳር ተቀምጣችሁ፣ ካሜራውን በእነሱ ዓይን ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቁ። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ሆና የወንዱን ጋማ ስታበራው፣ ምንም ኤዲት የማይሰጣችሁን ነገር ታገኛላችሁ። ምግብ አትስጧቸው፤ ዋልያም ሆነ ቀይ ቀበሮ ስታገኙ ርቀታችሁን ጠብቁ፤ ፎቶ ተብሎ እንስሳ ከገደል ጫፍ አይባረርም።

ከፍታ ላይ ሩቁ ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይደበዝዛል። ድሮ ይህን ሰማያዊ ለማጥፋት ስታገል ነበር፤ የጭጋግ ማጥፊያውን እስከ ጫፍ እገፋዋለሁ። አሁን አብዛኛውን እተወዋለሁ። የስሜን ሸንተረሮች ከአንዱ ጀርባ አንዱ የሚታዩት በእሱ ነው፤ ሲጠፋ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚርቀው ተራራ ከፊታችሁ ካለው ገደል ጋር ይጣበቃል። የብርሃን ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዘር ማጣሪያም ሰፊ ሌንስ ላይ ሲገጠም የሰማዩን አንድ ጥግ አጥቁሮ ሌላውን ነጭ ይተወዋል። ለፏፏቴና ለእርጥብ ቅጠል ውሰዱት፤ ለሰፊ ሰማይ አውልቁት።

ሌሊቱ ይበርዳል፣ ብርድ ደግሞ ባትሪን ያደክማል። ትርፍ ባትሪዎቻችሁን ልብሳችሁ ውስጥ፣ ከገላችሁ አጠገብ አሳድሩ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡም ካሜራውን አስቀድማችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አስገቡት፤ ጤዛው በፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች አገር ቤት ላለን ሰዎች አስቸጋሪ ናቸው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚቀዱት ደግሞ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ዳርክቴብልን ይዣለሁ፤ ራውቴራፒም ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። መጀመሪያ ያስፈራሉ፣ ከጥቂት መሣሪያዎች በላይ ግን አያስፈልጓችሁም። ትልቁ ጥቅማቸው ዋናውን ፋይል አለመንካታቸው ነው፤ ያደረጋችሁትን ለውጥ በጎን ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፉታል። ቅጂ ስትይዙ ያንን ትንሽ ፋይልም አብራችሁ ያዙት። ስልክ ብቻ ያለው ሰው በስናፕሲድ መሥራት ይችላል፤ ዲኤንጂ የተባለውን የሮው ዓይነት ይከፍታል።

አሠራሬ አሁን ዝግ ያለ ነው። አድማሱን አቃናለሁ፣ የማይፈለገውን ጠርዝ እቆርጣለሁ፤ ይህ ብቻውን ግማሹን ፎቶ ያድናል። ከዚያ የብርሃኑን ቀለም አስተካክላለሁ። ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ የንጋቱን ሙቀት ነጭ ያደርገዋልና ለእሱ አልተወውም። ቀጥሎ ደመናው ውስጥ ያለውን ዝርዝር አወጣለሁ፣ ጥላውን በጥቂቱ አነሳለሁ። በጥቂቱ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ገደል ጥልቅ የሚመስለው ጨለማ ስላለው ነው፣ ሁሉም ከበራ ሜዳ ይሆናል። ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም በጅምላ ሳይሆን ቀለም በቀለም። በእኛ አገር ሥዕሎች ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አረንጓዴው ነው፤ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ፣ በተለይ ቢጫ የሚያደላውን ማርገብ ሣሩን ሣር ያስመስለዋል።

«በፊት» እና «በኋላ» እያሉ ማወዳደር ያታልላል። ያልተነካ ሮው ምንጊዜም ደብዛዛ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ብታበላሹት «በኋላ» ያሸንፋል። ይልቅ ፎቶውን ለጊዜው ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት። ያለ ቀለም የማይቆም ፎቶ ቀለም ቢደፋበትም አይቆምም። ከዚያ ዝጉትና እደሩበት። በማግሥቱ ጠዋት ስከፍተው፣ ማታ ካደረግኩት ግማሹን መቀነሴ የተለመደ ነው።

ሰማይ በአንድ ጠቅታ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች መጥተዋል። የራሴን ልንገራችሁ፤ አልነካቸውም። ጥቅምት ላይ ያነሳው ተራራ ላይ የሐምሌን ደመና የሚያስቀምጥ ሰው፣ ያገሩን ወቅት የሚያውቅ ሁሉ እንደሚስቅበት ማወቅ አለበት። የወደቀ የውኃ ፕላስቲክ በኤዲት ማጥፋትስ? ፎቶውን ከማንሳቴ በፊት ሄጄ ፕላስቲኩን ከመሬት አነሳዋለሁ፤ ይቀላል።

ማሳተም ሌላው ዓይን ገላጭ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ኅትመቶቼ ጨልመው ወጡ፣ ከፎቶ ቤቱም ጋር ተጨቃጨቅኩ። ማሽኑ አልነበረም፤ የላፕቶፔ ስክሪን ብርሃን እስከ ጫፍ ተከፍቶ ነው የምሠራው። በደመቀ ስክሪን ላይ ልክ የመሰለ ፎቶ ወረቀት ላይ ጨለማ ነው። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ገደማ አውርዱት፤ ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨውን የዓይን መጠበቂያ አጥፉት፤ ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጋችሁ አስተያዩ። ፋይሉን ለፎቶ ቤትም ለስልክም ስታወጡ ኤስአርጂቢ በሚባለው የቀለም ክልል አውጡት፤ አዶቢ አርጂቢ ሆኖ ከወጣ ብዙ ቦታ ቀለሙ ሞቶ ይታያል። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት 10 በ15 አሳትማችሁ በቀን ብርሃን፣ ደጅ ወጥታችሁ እዩት።

ስሜንን ለሁለተኛ ጊዜ ካነሳሁ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011፣ ፓርኩ ላይ እሳት ተነሳ፤ ሣሩና የአስታው ዛፍ ተቃጠለ፤ እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያዎች መጡ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ያደረግኩት ዲስኮቼን አውጥቼ ፋይሎቹን መክፈት ነበር። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነበሩ።

የማስቀመጫው ሥርዓት በፎቶ አንሺዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በእኛ ኑሮ እንዲህ አድርጌዋለሁ። ፋይሎቹ ሁለት ትንንሽ ዲስኮች ላይ አሉ፤ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስዱ እንጂ ግድግዳ ላይ የሚሰኩ አይደሉም፤ ስለዚህ መብራት ቢሄድ በላፕቶፑ ባትሪ ይቆያሉ። አንደኛው ቤቴ ነው፣ ሁለተኛው ሌላ ሠፈር እኅቴ ቤት፤ በዓል በመጣ ቁጥር ለእንኳን አደረሳችሁ ስሄድ አለዋውጣቸዋለሁ። ሌባም እሳትም ጎርፍም በአንድ ቀን ሁለቱን ቤት አይመታም ብዬ ነው። ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ በእኛ ኔትወርክ ሁሉንም ሮው መጫን ስለማይሞከር፣ የማልደግማቸውን ብቻ መርጬ ሌሊት እጭናለሁ። ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ሁለት ቅጂ እስኪያዝ ድረስ አይጠፋም፤ ካርድ ከዚያ ፎቶ ይረክሳል። ሰው የሚረሳው መክፈቱን ነው። ዲስኩ ላይ ከየዓመቱ ጥቂት ፋይሎች አንስታችሁ እስከ ሙሉ መጠናቸው ክፈቷቸው፤ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ መታየቱ ብቻ አይበቃም።

በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሌንስም ይሻግታል። ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አትክረሙ፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለው የሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አኑሩት፣ ፀሐይ ስትወጣም አውጥታችሁ አናፍሱት። የገባ ሻጋታ መስተዋቱን ከበላው አይለቅም።

አንድ የማደርገው ነገር ቀርቷል። የሰው ቤት፣ የሰው ማሳ ወይም የሰው ፊት ካነሳሁ ፋይሉን ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ለስካውቱ ልጅ በ2011 ያነሳሁትን ሁሉ በሚሞሪ ካርድ አድርጌ ሰጥቼዋለሁ፤ ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ በቴሌግራም እልክለታለሁ። በቴሌግራም ስትልኩ «ፎቶ» ከሚለው ይልቅ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ፤ መጠኑ አይቀንስም፣ ሮውም ያልፋል።

ከ2008 ዓ.ም. በፊት ግጭን ያነሳችሁ ካላችሁ ዲስካችሁን ዛሬ ክፈቱት። ፎቶው ካለ አንዱን በደንብ አሳትማችሁ፣ መንገድ ሲገኝ ደባርቅ አድርሱት። የግጭን ሰዎች ማንም ያሳያችኋል፤ ክዳኑን ብቻ እንደነበረ ተዉላቸው።